ስም ያልተጻፈበት ባንዲራ፦ የአሜሪካ የክብር ሜዳሊያ ባንዲራ የማን ነው?

የቨርጂኒያው፦

ሰላም የመድረኩ ቤተሰቦች። ስለ አሜሪካ ጦር ጀግኖች ስናወራ ሁሌ የምናነሳው አንገት ላይ የሚንጠለጠለውን የክብር ሜዳሊያ፣ ማለትም ሜዳል ኦፍ ኦነርን ነው። ይህ ሜዳሊያ በሕግ የጸደቀ የራሱ ባንዲራ እንዳለው ግን ብዙ ሰው አያውቅም። እዚሁ ተወልደው ያደጉ አሜሪካኖች ጭምር። ዛሬ እሱን ላንሳ።

መልኩ በጣም ቀላል ነው። መደቡ ውሃ ሰማያዊ ነው። ላዩ ላይ 13 ነጭ ኮከቦች አሉ። ዙሪያውን ወርቃማ ዘርፍ አለው። በቃ። ጽሑፍ የለውም። ንስር የለውም። ሰይፍም የለውም። ቀለሙና ኮከቦቹ የተወሰዱት ሜዳሊያው ከሚንጠለጠልበት ሪባን ነው። 13 የሆኑትም አገሪቱን በመሠረቱት 13 ግዛቶች ልክ ነው።

ነገሩ የተጀመረው አዮዋ ውስጥ ጄፈርሰን በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። የዚያች ከተማ ልጅ የሆነ ካፒቴን ዳረል ሊንድሴ የሚባል አብራሪ ነበር። እ.ኤ.አ. ኦገስት 9 ቀን 1944 ዓ.ም. 30 ቢ-26 ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖችን እየመራ፣ ጀርመን በያዘቻት ፈረንሳይ ሊል አዳም ያለውን የባቡር ድልድይ ለመምታት ሄደ። ዒላማው ጋ ሳይደርስ ቀኝ ሞተሩ ተመታና እሳት ያዘው። ነዳጅ ታንኩ በየትኛዋም ደቂቃ ሊፈነዳ ይችላል። ሊንድሴ ግን የመሪነት ቦታውን አልለቀቀም። ቦምቡ ከተጣለ በኋላ አብረውት ያሉትን ዝለሉ ብሎ አዘዘ። እሱ አውሮፕላኑን ቀጥ አድርጎ ይዞ ቀረ። መጨረሻ የወጣው ቦምቡን የሚጥለው ወታደር ነው። ከመዝለሉ በፊት፣ ካፒቴኑ በአፍንጫው በኩል እንዲወጣ ጎማውን ላውርድልህ አለው። ሊንድሴ እምቢ አለ። ጎማው ቢወርድ አውሮፕላኑ ተሽከርክሮ ሊወድቅ፣ የዚያ ልጅም የመትረፍ ዕድል ሊበላሽ ይችላል ብሎ ነው። ልጁ ዘለለ። ወዲያው ታንኩ ፈነዳ።

ከብዙ ዓመት በኋላ የዚያው የጄፈርሰን ሰው የሆነ፣ ከልዩ ኃይል በጡረታ የወጣ ቢል ኬንዳል የሚባል ወታደር ለሊንድሴ ማስታወሻ ባንዲራ ነደፈ። ውሃ ሰማያዊ፣ 13 ነጭ ኮከብ ያለው፣ የሜዳሊያው ስም የተጻፈበት። ከዚህ ተነስቶ ነው ጉዳዩ ኮንግረስ የደረሰው። በ2002 ሕግ ወጣ። ከየጦር ክፍሉ የተውጣጡ ሰዎች፣ የታሪክ ባለሙያዎችና የተሸላሚዎቹ ማኅበር ተወካይ ያሉበት ኮሚቴ የቀረቡትን ንድፎች አየ። የተመረጠው የሣራ ሌክለርክ ነው። እሷ የምትሠራው በምድር ጦሩ የዓርማ ተቋም ነበር፤ ተቋሙ ያለው ፎርት ቤልቯር ነው። ከአሌክሳንድሪያ ሩት ዋንን ይዘን ወደ ደቡብ ስንነዳ በአጠገቡ የምናልፈው ካምፕ ማለት ነው። ንድፏ ከኬንዳል ጋር በጣም ይቀራረባል። ትልቁ ልዩነት ጽሑፉ መውጣቱና ወርቃማው ዘርፍ መጨመሩ ነው።

ሜዳሊያ እያለ ባንዲራ ለምን አስፈለገ? እኔ የሚመስለኝ፣ ሜዳሊያው የሰውየው ነው። ባንዲራው ደግሞ የቤቱ ነው። የመጀመሪያው ባንዲራ ለማን እንደተሰጠ ብታዩ ይገባችኋል። ሳጅን ፖል ስሚዝ የ11ኛው መሐንዲስ ሻለቃ አባል ነበር። ኤፕሪል 4 ቀን 2003 ባግዳድ አየር ማረፊያ አጠገብ፣ በግንብ የታጠረ ግቢ ውስጥ፣ ለምርኮኞች ማቆያ እያዘጋጁ ሳለ ድንገት ብዙ ጠላት መጣባቸው። ስሚዝ ከብረት ለበሱ አናት ላይ ባለው ትልቅ መትረየስ ብቻውን ተኮሰ። ደረቱና ጭንቅላቱ ለጥይት ተጋልጠው ነበር። ከኋላው ወደ 100 የሚጠጉ ጓደኞቹ ነበሩ። እነሱ ተረፉ። እሱ ሞተ። ልክ በሁለተኛ ዓመቱ፣ ኤፕሪል 4 ቀን 2005፣ ፕሬዚዳንት ቡሽ ሜዳሊያውን ለልጁ ለዴቪድ ሰጡት። ልጁ ገና 11 ዓመቱ ነበር። ባንዲራውም ያኔ ለቤተሰቡ ተሰጠ።

ምን ትላላችሁ?

---

ሳባ ሲያትል፦

እኔ በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። በጣም አመሰግናለሁ። የሊንድሴ ነገር ሆዴን አላወሰው። አንድ ጥያቄ አለኝ። ከ2002 በፊት የተሸለሙትስ? የነሱ ቤተሰቦች ባንዲራው አይደርሳቸውም?

---

የቨርጂኒያው፦

ሳባ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። በመጀመሪያ ሕጉ የሚመለከተው ከዚያ በኋላ የሚሸለሙትን ብቻ ነበር። በኋላ ተሻሻለና በሕይወት ያሉት የቀድሞ ተሸላሚዎች፣ እንዲሁም የሟቾቹ የቅርብ ቤተሰቦች ተካተቱ። ሴፕቴምበር 30 ቀን 2006 ቦስተን ወደብ ላይ በምትገኘው በጥንታዊቷ የጦር መርከብ በዩኤስኤስ ኮንስቲቲዩሽን ትልቅ ሥነ ሥርዓት ተደርጎ ከ60 በላይ ተሸላሚዎች በአንድ ቀን ተቀብለዋል። ብዙዎቹ ያኔ ሽማግሌዎች ናቸው፤ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ የኮሪያ፣ የቬትናም ሰዎች።

---

በእውቀቱ 77፦

ጽሑፉ ደስ ይላል። በሐሳቡ ግን አልስማማም። ምክንያቴን ልናገር።

አሜሪካ ውስጥ ባንዲራ በዛ። የጦር ምርኮኞችና የጠፉት ጥቁር ባንዲራ አለ። ልጃቸው የሞተባቸው ቤተሰቦች የሚሰቅሉት ባለ ወርቅ ኮከብ አለ። እያንዳንዱ የጦር ክፍል የራሱ አለው። አሁን ደግሞ ለአንድ ሜዳሊያ ሌላ ባንዲራ። ክብር ሲበዛ ዋጋው ይወርዳል። ይህን የምለው ዝም ብዬ አይደለም። የዚህ ሜዳሊያ ታሪክ ራሱ ይመሰክራል።

በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ ሜይን ከሚባለው ግዛት የመጣ 27ኛ ክፍለ ጦር ነበር። አገልግሎቱ ሊያልቅ ሲል ዋሽንግተንን ለመጠበቅ ጥቂት ቀን ለሚቆይ ሰው ሜዳሊያ እንሰጣለን ተባለ። ወደ 300 የሚሆኑት ቀሩ። ሌሎቹ ቤታቸው ገቡ። መጨረሻ ላይ ግን ሜዳሊያው ለ864 ሰው ተሰጠ። ቤቱ የሄደውም አገኘ! በ1917 ምድር ጦሩ መዝገቡን አገላብጦ የ911 ሰዎችን ሜዳሊያ ሰረዘ። የሊንከንን አስከሬን ያጀቡት ወታደሮችም ተሰርዘዋል። ዛሬ ሜዳሊያው የተከበረው ያ ጽዳት ስለተደረገ ነው። ክብርን የሚጠብቀው ቁጥብነት ነው ብዬ አምናለሁ። ባንዲራ መጨመር ያንን ይሸረሽራል።

---

ሄለን ኮሎምበስ፦

በእውቀቱ፣ የ1917ቱን ካነሳህ ሙሉውን እናንሳው። ያኔ ከተሰረዙት አንዷ ዶክተር ሜሪ ዎከር ናት። በእርስ በርስ ጦርነቱ ቁስለኛ ስታክም ለመገንጠል በተዋጉት በደቡቦቹ ተማርካ የታሰረች ሐኪም። እስከ ዛሬ ይህን ሜዳሊያ ያገኘች ብቸኛዋ ሴት እሷ ናት። መልሺ ስትባል እምቢ ብላ እስክትሞት ድረስ ደረቷ ላይ አድርጋዋለች። በ1977 ተመለሰላት። ስለዚህ ያ "ጽዳት" ንጹሕ አልነበረም።

ሌላው ቁጥብነት የምትለው ነገር ለማን ነበር ቁጥብ? በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ጥቁር አሜሪካውያን አገልግለዋል። በጊዜው ይህን ሜዳሊያ ያገኘ አንድም ጥቁር የለም። አንድም! በ1997 ነው ክሊንተን ለ7 ሰዎች የሰጡት። ከ7ቱ በሕይወት የነበረው ቨርነን ቤከር ብቻ ነው። ሌሎቹን የተቀበሉላቸው ዘመዶቻቸው ናቸው። አሜሪካ ክብሩን እስክታመጣ ሰዎቹ አልጠበቋትም።

እዚህ ላይ ነው ባንዲራው ለኔ ትርጉም የሚሰጠኝ። ሜዳሊያው ዘግይቶ ሲመጣ የሚለብሰው አንገት የለም። ባንዲራው ግን ለቤተሰብ ታስቦ ነው የተሠራው። ዝም ተብሎ ዓመታት የቆየ ቤት በአደባባይ ስሙ ተጠርቶ፣ በእጁ የሚይዘው ነገር ሲሰጠው ጥቂት ነገር አይደለም።

---

ሠራዊት በቴክሳስ፦

እኔ በአሜሪካ ምድር ጦር ውስጥ ነኝ። የተወለድኩት ጎንደር ነው። ስለ አሠራሩ ትንሽ ልጨምር።

በዚህ ዘመን ሜዳሊያውን የሚያጠልቁት ፕሬዚዳንቱ ናቸው፣ ዋይት ሐውስ። ብዙውን ጊዜ በማግስቱ ፔንታጎን ውስጥ የጀግኖች አዳራሽ በሚባለው ቦታ ሌላ ሥነ ሥርዓት ይደረጋል። የሰውየው ስም እዚያ ይገባል። ባንዲራው የሚሰጠውም እዚያ ነው። ቴሌቪዥን የሚያሳየው የመጀመሪያውን ቀን ስለሆነ ሰው ባንዲራውን ሳያየው ያልፋል።

ሰላምታውንም ብታውቁ ጥሩ ነው። የክብር ሜዳሊያ ያለው ሰው ተራ ወታደር ቢሆን እንኳ ጄኔራል ቀድሞ ሰላምታ ይሰጠዋል። ልማድ ነው፤ ግን ማንም አይዘለውም። ልጆቹም ዌስት ፖይንትን ወደመሳሰሉት የጦር አካዳሚዎች ለመግባት መመዘኛውን ካሟሉ የኮንግረስ አባል ጥቆማ አያስፈልጋቸውም። ማለቴ፣ ቤተሰቡን ማክበር በባንዲራው የተጀመረ ነገር አይደለም።

እንደ እኛ ከውጭ ለመጣን ሰዎች ደግሞ ሌላ ነገር አለ። እስካሁን ከ3,500 በላይ ሰዎች ተሸልመዋል። ከነዚህ ከአምስት አንዱ ያህል የተወለደው ከአሜሪካ ውጭ ነው። አየርላንዳውያን ይበዛሉ። በቅርቡ ዘመን ፍሎረንት ግሮበርግ አለ። ፈረንሳይ ተወልዶ፣ ቤተስዳ ሜሪላንድ አድጎ፣ እዚያው ሁለተኛ ደረጃ የተማረ። በ2012 አፍጋኒስታን፣ አሳዳባድ ውስጥ፣ አለቆቹን እያጀበ ሳለ አንድ ሰው ወደ ኋላው እየተራመደ ሲመጣ አየ። ሮጦ ገፋው። ልብሱ ሥር የሚፈነዳ ቀበቶ እንዳለ በእጁ ዳሰሰ። ያዘውና ከሌላ ወታደር ጋር ሆኖ ከአለቆቹ አርቆ ወረወረው። ፈነዳ። አራት ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎች ግን ተረፉ። ግሮበርግ እግሩ ክፉኛ ተጎዳ። ሜዳሊያውን በ2015 ሲቀበል ስለራሱ ሳይሆን ስለ አራቱ ሟቾች ነው ያወራው።

---

የቃኘው ልጅ፦

ልጆቼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዕድሜዬ ገፍቷል፤ ግን ይህን ክር ከላይ እስከ ታች አነበብኩ።

አባቴ ከቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ ዘምቷል። ቃኘው እዚያ ተሰልፎ የነበረው ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ነው። አንድ ምሽግ፣ አንድ ክረምት፣ አንድ ጠላት። ከ120 በላይ ልጆቻችን እዚያ ወድቀዋል። የተማረከ ግን አንድም የለም። አስከሬንም ጥለው አልመጡም። አፍንጮ በር ባለው መታሰቢያ የወደቁት ስማቸው አለ። ኮሪያ ውስጥ ቹንቾን ከተማም መታሰቢያ አላቸው፤ ጃንሆይ ራሳቸው በፈረንጆቹ 1968 ሄደው ነው የተመረቀው።

ጥያቄዬ እንዲህ ነው። ከአሜሪካኖቹ ጋር በአንድ ቦይ ውስጥ የተዋጋ የእኛ ሰው ይህን ሜዳሊያ ሊያገኝ ይችል ነበር? ካልሆነስ ለምን?

---

ሠራዊት በቴክሳስ፦

ጋሼ፣ እንኳን ደህና መጡ። አባትዎን እግዚአብሔር ያሳርፍልን፤ በሕይወት ካሉም ዕድሜ ይስጥልን።

ሕጉ አይፈቅድም። ሜዳሊያው ለአሜሪካ ጦር አባላት ነው። ለውጭ ጦር የተሰጠው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ብቻ ነው፤ እሱም ስማቸው ለማይታወቅ ሟች ወታደሮች። የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይ፣ የቤልጅየም፣ የጣሊያንና የሩማንያ። ከዚያ ወዲህ በሩ ዝግ ነው። ለቃኘው ልጆች የተሰጡት ከሱ በታች ያሉት፣ የብርና የነሐስ ኮከብ ሜዳሊያዎች ናቸው። እነዚህም ለባዕድ ጦር በቀላሉ አይሰጡም፣ ጋሼ።

---

የቃኘው ልጅ፦

ገባኝ ልጄ። አልከፋኝም። የእኛን የምናከብረው እኛው ነን፤ የእኛ ዕዳ ነው። አባቴ በ1997 የእኛ አቆጣጠር አርፏል። ኮሪያኖቹ እስኪሞት ድረስ አልረሱትም።

በእውቀቱ የሚባለው ልጅ ያለውን አስቤበታለሁ። ክብር ሲበዛ ይቀላል ማለቱ ልክ ነው። እዚህ ግን የጨመረው የተሸላሚ ቁጥር አይደለም። አባቴ የተሰጠውን በሳጥን ቆልፎ ነበር የሚያስቀምጠው። እኔና እህቶቼ ያየነው ስንት ጊዜ ነው? ለቅሶው ላይ ነው ጎረቤት ያወቀው። ግድግዳ ላይ የሚታይ ነገር ቢኖረን ኖሮ ጠያቂ ይኖር ነበር። እሱም በሕይወት እያለ ይመልስ ነበር።

---

በእውቀቱ 77፦

ጋሼ፣ አክብሮቴ ትልቅ ነው። የተሸላሚ ቁጥር አልጨመረም ያሉትን እቀበላለሁ። ግን አንድ የሚያሳስበኝ ነገር ቀርቷል። ሜዳሊያውን መሸጥ በፌዴራል ሕግ ወንጀል ነው። ባንዲራውን ግን ማንም በኢንተርኔት ይገዛዋል። የባንዲራ ሱቆች በሰፊው ይሸጡታል። ታዲያ ጎረቤቴ ገዝቶ በረንዳው ላይ ቢሰቅለው አላፊ አግዳሚው ምን ያስባል? ከቤቱ ጀግና ወጣ ብሎ አይደል?

አገሪቱ ደግሞ ይህን ችግር ታውቀዋለች። በ2007 ካሊፎርኒያ ውስጥ ዣቪየር አልቫሬዝ የሚባል የአካባቢ የውሃ ቦርድ አባል ስብሰባ ላይ ተነስቶ የክብር ሜዳሊያ አለኝ አለ። አንድ ቀን እንኳ ወታደር አልነበረም። ተከሰሰ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2012 ሕጉን ሻረው፤ መዋሸት ብቻውን በንግግር ነፃነት ይጠበቃል ብሎ። በ2013 አዲስ ሕግ መጣ፤ አሁን ወንጀል የሚሆነው በውሸቱ ጥቅም ለማግኘት ከታሰበ ነው። ባንዲራው ይህን ዓይነቱን ሰው አያግዝም ትላላችሁ?

---

ሄለን ኮሎምበስ፦

ይህ ጥሩ ነጥብ ነው። እኔም ቤት ላይ እንዲሁ መሰቀሉን አልወደውም። ያ ባንዲራ በሥነ ሥርዓት ለተቀበለው ቤተሰብ፣ ለመቃብር ስፍራ፣ ለመታሰቢያ አደባባይ ቢቀር ደስ ይለኛል። ግን ሕግ ይከልክለው አልልም። ሰው ማክበር ፈልጎ ሲሰቅል ፖሊስ መላክ ያሳፍራል።

---

የቨርጂኒያው፦

በእውቀቱ፣ ስጋትህ እውነት ነው። ከታሪኩ ግን አንድ ነገር እይ። ከጠቀስካቸው ባንዲራዎች አብዛኞቹን መንግሥት አልጀመራቸውም። ባለ ኮከቡ ባንዲራ በ1917 የአንድ ካፒቴን ሥራ ነው፤ ሁለት ልጆቹ ስለዘመቱ። ልጁ ለዘመተ ሰማያዊ ኮከብ፣ ልጁ ለሞተ የወርቅ ኮከብ። እናቶች መስኮታቸው ላይ ሰቀሉት። የጦር ምርኮኞቹን ባንዲራ ያስጀመረችው ሜሪ ሆፍ ናት፤ ባሏ ቬትናም ላይ የጠፋባት ሴት። ለድርጅት ደብዳቤ ጽፋ ነው። ይሄው በ2019 በወጣ ሕግ በዋና ዋና የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች የአገሪቱ ባንዲራ በሚውለበለብበት ቀን ሁሉ አብሮ እንዲሰቀል ሆነ። የክብር ሜዳሊያው ሰማያዊ ባንዲራም ከትንሽ ከተማ፣ ከአንድ ጡረተኛ ነው የመጣው። መጀመሪያ ሕዝቡ ሰቀለ፣ መንግሥት ተከተለ። ስለዚህ ከሕዝቡ መልሶ መንጠቅ ይከብደኛል።

ጽሑፍ አለመኖሩም ለኔ ልክ ነው። ስም ቢጻፍበት የአንድ ሰው ይሆን ነበር። የሜዳሊያው ስም ቢጻፍበት ደግሞ ማስታወቂያ ይመስላል። ባዶ ስለሆነ ያየው ሰው ይጠይቃል፤ ቤተሰቡም ይናገራል። ጋሼ ያሉትም ይህንኑ ነው።

ባንዲራ ከተነሳ አይቀር ዊልያም ካርኒ ሳይነሳ አይቀርም። ኖርፎክ ቨርጂኒያ በባርነት የተወለደ ነው። በእርስ በርስ ጦርነቱ፣ ጁላይ 18 ቀን 1863፣ የደቡቦቹ ምሽግ በሆነው ፎርት ዋግነር ላይ የ54ኛው የማሳቹሴትስ ክፍለ ጦር ሲያጠቃ ባንዲራ ተሸካሚው ተመታ። ካርኒ ባንዲራውን አነሳ። ምሽጉ ጋ ደረሰ። ጦሩ ሲያፈገፍግ ተደጋግሞ እየቆሰለ፣ እየዳኸ፣ ጨርቁን መሬት ሳያስነካ ይዞ ተመለሰ። ሜዳሊያው የደረሰው በ1900 ነው። 37 ዓመት ቆይቶ።

---

ሳባ ሲያትል፦

37 ዓመት! ሄለን፣ አንቺ ያልሽው ነው።

---

ሄለን ኮሎምበስ፦

አዎ። አሁንም አልቆመም። ኮሎኔል ፓሪስ ዴቪስ ከመጀመሪያዎቹ ጥቁር የልዩ ኃይል መኮንኖች አንዱ ነው። ቬትናም ላይ በ1965 ራሱ ቆስሎ ሳለ የቆሰሉ ጓደኞቹን እየጎተተ አወጣ። ለሜዳሊያው የቀረበው ወረቀት ጠፋ። እንደገና ቀረበ፤ እንደገና ጠፋ። ያገኘው በ2023 ነው፤ 83 ዓመት ሆኖት። እሱስ በሕይወት ደረሰበት።

---

የቃኘው ልጅ፦

እንዲህ ዓይነቱን ታሪክ የማነበው የት ነው? የኮሪያውን በተለይ። የልጅ ልጄ እንግሊዝኛውን ያነብልኛል።

---

ሠራዊት በቴክሳስ፦

ጋሼ፣ የተሸላሚዎቹ ማኅበር ድረ ገጽ ላይ የእያንዳንዱ ሰው የጀግንነት ጽሑፍ በስም፣ በጦርነትና በቦታ ተለይቶ አለ። ክፍያ የለውም። ከኮሪያው መጀመሪያ የኤሚል ካፓውንን ያንብቡ። የሠራዊት ቄስ ነበሩ። ጦሩ ሲያፈገፍግ ቁስለኛ ጥዬ አልሄድም ብለው ከነሱ ጋር ተማረኩ። በምርኮኞች ካምፕ ለታመሙት ምግብ እየፈለጉ፣ እያጽናኑ ቆይተው በሜይ 1951 እዚያው ሞቱ። የመጀመሪያው ቃኘው ፑሳን የገባው በዚያው ወር ነው። ሜዳሊያቸውን በ2013 የተቀበለው የወንድማቸው ልጅ ነው። ሁለተኛ የኮርኔሊየስ ቻርልተንን ያንብቡ፤ የ24ኛው እግረኛ ጥቁር ሳጅን ነው።

ወደ ቴክሳስ ከመጡ ደግሞ አርሊንግተን ከተማ ውስጥ በማርች 2025 የተከፈተ የክብር ሜዳሊያ ሙዚየም አለ። ከዳላስ ቅርብ ነው። ይደውሉልኝ፣ እኔ እወስድዎታለሁ።

---

በእውቀቱ 77፦

የሱቁን ነገር አሁንም አልተውኩትም፤ ቢያንስ ሻጮቹ ከባንዲራው ጋር ስለ ሜዳሊያው የሚያስረዳ ወረቀት ቢያያይዙ ጥሩ ነው። ጋሼ፣ የአባትዎን ፎቶ ካለዎት እዚህ ይለጥፉልን። በየትኛው ቃኘው ነው የዘመቱት? አንደኛው፣ ሁለተኛው ወይስ ሦስተኛው?

---

የቃኘው ልጅ፦

ሁለተኛው። ፎቶውን የልጅ ልጄ ቅዳሜ ትለጥፈዋለች።